ቆጣቢው አበዳሪ ነው

(አዲስ አበባ ውስጥ በተካሄደ የቤት ጉዳይ ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ትንሽ ብቻ ተነካክቷል።)

እንደምን ዋላችሁ? እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ ዝናብ ታክሲ ተጋፍታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ወንበር አጥታችሁ ከኋላ የቆማችሁም አላችሁ፤ ይቅርታ አድርጉልን።

ወጣቶቹ ሲጋብዙኝ «ስለ ቤት ንገረን» ነው ያሉኝ። ስለ ቤትማ እናንተ ታውቃላችሁ። ኪራይ ሲጨመርባችሁ፣ ዕቃ ጭናችሁ ሰፈር ስትቀይሩ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ስታስወጡ የኖራችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ባንክ ቤት፣ ብድር ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ገንዘቡ ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። ቤት የደረሳችሁም ያልደረሳችሁም፣ የ97 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢዎች እስቲ እጃችሁን አውጡ። እሺ። የ2005ስ? እናንተማ አዳራሹን ሞላችሁት። አሁን ደግሞ፣ ባንክ ገብቶ፣ ደመወዙን አሳይቶ፣ የቤት ብድር ተፈቅዶለት ቤት የገዛ አለ? ሁለት ሰው አያለሁ። ወንድሞቼ፣ የት ነው የምትሠሩት? ባንክ? ሁለታችሁም? አመሰግናለሁ። ይሄን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ እዚህ እንዴት ደረስን? ሁለተኛ፣ ገንዘባችን የት ሄደ? ሦስተኛ፣ ምን እንጠይቅ? ሁለተኛው ላይ ረዘም እላለሁ፤ ታገሡኝ።

አንደኛው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራይ በአዋጅ ተቀነሰ። ወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ገቡ። ያን ጊዜ ብዙ ደሃ እፎይ ብሏል። ይሄን መካድ ነውር ነው። እናቴም እፎይ ካሉት አንዷ ነበረች።

እኛ ያደግነው ጨርቆስ፣ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ኪራዩ 10 ብር አይሞላም። እናቴ ደረሰኙን በብስኩት ጣሳ ውስጥ ታስቀምጥ ነበር፤ አንድም ወር አላዛነፈችም። ግን ጣሪያው ሲያፈስ ማን ይጠግነው? ቀበሌው በዚያ ኪራይ አንድ ቅጠል ቆርቆሮ አይገዛም። እኛ እንጠግን ብንል ግድግዳ ለመለሰን እንኳ ፈቃድ ያስፈልጋል። ክረምት በመጣ ቁጥር ሳፋና ድስት እየደረደርን፣ አልጋውን ወደ ደረቁ ጥግ እየጎተትን ነው ያደግነው። የኛ ሰፈር ብቻ እንዳይመስላችሁ። መሀል ከተማው በሙሉ እንዲህ ሆኖ አረጀ። በኋላ ደግሞ «አርጅቷል» ተብሎ ፈረሰ።

ግን ደርግ አንድ ነገር ነበረው። የቤት ባንክ። ከንጉሡ ጊዜ የመጡ ሁለት የቤት ብድርና ቁጠባ ተቋማት ተዋህደው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ሆኑ። በማኅበር የተደራጀ ሠራተኛ ቦታ ይመራል፣ በዝቅተኛ ወለድ ይበደራል፣ ቤቱን ይሠራል። ዛሬ «የማኅበር ቤት» የምንላቸው ስንት ሰፈሮች እንዲህ ነው የቆሙት። ለሁሉም ደረሰ ወይ? አልደረሰም። መንገዱ ግን ነበረ። ከሥርዓት ለውጡ በኋላ ያ ባንክ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ፤ በ2008 ደግሞ ከንግድ ባንክ ጋር ተቀላቀለ። ለቤት ብድር ተብሎ የቆመው ተቋም እንዲህ አድርጎ ጠፋ። ሰልፍ የወጣ የለም፣ የጮኸ የለም። ከዚያ በኋላ ለቤት ብሎ የተነሳ የግል ባንክ፣ ጎህ ቤቶች ባንክ፣ ሥራ የጀመረው በ2014 ነው።

በመሀሉ ኮንዶሚኒየም መጣ። በአቶ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባነት ገርጂ ላይ ተሞከረ። በ1997 ምዝገባ ሲከፈት ከ450 ሺህ ሰው በላይ ተመዘገበ። ሥራው ትልቅ ነበር፤ ጀሞን፣ ሰሚትን፣ የካ አባዶን፣ ቦሌ አራብሳን ያየ ሰው አይክደውም። ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ቤት ተሠርቷል። አፍሪካ ውስጥ ይህን ያህል የሠራ ከተማ ብዙ አይደለም። በ2005 እንደገና ሲመዘገብ ግን ከ900 ሺህ በላይ ሰው መጣ። ባንኮች በር ላይ ሌሊት ወረፋ የያዛችሁ ታስታውሳላችሁ። እኔ በመስኮቱ ወዲያኛው በኩል ነበርኩ። ክራንች ይዘው የመጡ አባት አይቻለሁ። የአራስ ልጅ አቅፋ የቆመች እናት አይቻለሁ።

እዚህ ላይ ግን ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ። ያ ሁሉ ቤት የቆመው የማን መሬት ላይ ነው? ገበሬው ነበረበት። ካሳው ትንሽ ነበር፤ ልጆቹ እዚያው በበቀለው ሕንፃ ዘበኛና ቀን ሠራተኛ ሆኑ። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ሊያጣምር የነበረው የማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰው በልቷል፤ ዕቅዱ ጥር 2008 ላይ ቆመ። በ2011 የካቲት መጨረሻ 51,229 ቤት ዕጣ ሲወጣ ደግሞ ከተማው ዳር ያለው የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ጉዳይ ተነሳ። ቆጣቢው «ቆጥቤያለሁ» አለ። ገበሬው «መሬቴ ነው» አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሁለቱን ያገናኘና ሂሳባቸውን በወጉ ያወራረደ ግን አልነበረም። ቤት የሌለው የከተማ ደሃና መሬት ያጣው ገበሬ እርስ በርስ እንዲተያዩ ተደረገ። ገንዘቡን ያየ ማንም አልነበረም። ወገኖቼ፣ ዛሬ ገንዘቡን እንይ።

ሁለተኛው ነጥብ ይኸው ነው። ገንዘባችን የት ሄደ?

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ባልና ሚስት፣ ሁለቱም መምህራን፣ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ስማቸውን አልጠራም። ባልየው ፋይል ይዟል። የደመወዝ ማስረጃ፣ የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ የልጆች የልደት ካርድ፣ ሁሉም በወግ በወጉ በፕላስቲክ ተቀምጧል። «ባለ ሁለት መኝታ ቤት ልንገዛ ነው፤ ተበድረን በ20 ዓመት እንክፈል» አሉ። እኔ በደንቡ መሠረት መጠየቅ ያለብኝን ጠየቅኩ። «መያዣ ምን አላችሁ?» ሚስትየዋ አየችኝና «ልጄ፣ ቤት ቢኖረን ለምን እንመጣ ነበር?» አለችኝ። ዕድሜያችን ብዙም አይራራቅም፤ ግን ልጄ አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ፋይሉን መልሼ ሰጠኋቸው።

የሚገዙት ቤት ራሱ መያዣ አይሆንም ወይ? በሕጉ ይሆናል። ግን የሚሸጠው ቤት ካርታው ያልወጣ ነው። ወይም ኮንዶሚኒየም ሆኖ አምስት ዓመት ያልሞላው፣ በውክልና የሚሸጥ ነው። ወይም ሪል እስቴት ሆኖ ገና መሬት ውስጥ ያለ ነው። ካርታ የሌለውን ባንክ አይዝም። ካርታ ያለውን ደግሞ መምህር አይገዛውም።

ወለዱንስ? ሦስት ሚሊዮን ብር በ17 በመቶ ወለድ፣ በ20 ዓመት የሚከፈል፣ ተበደሩ እንበል። ወር በወር ስንት ትከፍላላችሁ? ወደ 44 ሺህ ብር። በመጀመሪያው ወር ከዚያ ውስጥ 42,500ው ወለድ ብቻ ነው። የሁለት መምህር ደመወዝ ቢደመር ይሄን አይነካም።

አሁን ወደ ሁለቱ ወንድሞቼ ልመለስ። እነሱ እንዴት ገዙ? ባንኮች ለሠራተኞቻቸው በዝቅተኛ ወለድ የቤት ብድር ይሰጣሉ። ደመወዝህን ያያሉ፣ ከደመወዝህ ይቆርጣሉ፣ ረጅም ጊዜ ይሰጡሃል። እኔም ቤቴን የሠራሁት በዚሁ ነው። እግዜር ይስጣቸው፤ ልጆቼን በራሴ ጣሪያ ሥር አሳድጌያለሁ። ግን አስቡት። ያ ብድር ሠርቷል። አልከሰሩም። ሠራተኛው እየከፈለ ነው። እንግዲህ ለባንክ ሠራተኛ የሚሠራ ነገር ለነርስ ለምን አይሠራም? ለመምህር ለምን አይሠራም? ለሾፌር ለምን አይሠራም? እነሱም ደመወዝተኛ አይደሉም? ከእነሱም ደመወዝ ግብርና ጡረታ በየወሩ አይቆረጥም?

«ገንዘብ ስለሌለ ነው» ይሏችኋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ገንዘብ ነበረ። ከየት መጣ ብትሉ፣ ከእናንተ።

የ2005ን መዋጮ አስታውሱ። 20/80፣ ማለትም ሃያ በመቶውን ቆጥበህ ቀሪውን በብድር የምትከፍልበት፣ ስቱዲዮ በወር 151 ብር። ባለ አንድ መኝታ 274። ባለ ሁለት 561። ባለ ሦስት 685። ለ10/90 ደግሞ 187። ይህን በ900 ሺህ ሰው፣ በየወሩ፣ በየዓመቱ አስቡት። እንጀራ እየቀነሰ የቆጠበ አለ። ዓረብ አገር ያለች ልጁ እየላከችለት የቆጠበ አለ። ሊባኖስና ሳዑዲ የሰው ቤት ስታጸዳ የዋለች ልጅ ገንዘብ እዚያ ደብተር ውስጥ አለ። ዕቁብ ሲደርሰው የስድስት ወሩን አንዴ የሚያስገባ አለ። አንድ ወር እንዳይቋረጥ ብሎ ከጎረቤት የተበደረ አለ።

ባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ይሠራበታል። ይበደሩታል። በእነዚያ ዓመታት የአገሪቱ የብድር ፖሊሲ ያዘነበለው ወደ ትልልቅ የመንግሥት ፕሮጀክቶች ነበር። ኃይል፣ ስኳር፣ ባቡር። የግል ባንኮችም አልቀረላቸውም። ከ2003 ጀምሮ ካበደሩት ላይ 27 በመቶ እያሰሉ የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ተገደዱ፤ ለአምስት ዓመት፣ በዝቅተኛ ወለድ። ያ መመሪያ የተነሳው ኅዳር 2012 ላይ ነው። ትንሽ ቆይቶ፣ በ2015፣ 20 በመቶ የመንግሥት ቦንድ ግዙ ተባለ። ነሐሴ 2015 ላይ ደግሞ የባንክ ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ተገደበ። እያንዳንዱ የራሱ ምክንያት ነበረው። አንዱ ለልማት፣ አንዱ የዋጋ ንረት ለማርገብ። ግን ባንክ ያለው ገንዘብ ሲያጥርበት መጀመሪያ በሩን የሚዘጋው በማን ላይ ነው? በ20 ዓመት እከፍላለሁ በሚለው ደመወዝተኛ ላይ። አስመጪው በስድስት ወር ይመልሳል፤ ወለዱም ጥሩ ነው። ይሄን ከብድር ኮሚቴ ውስጥ ሆኜ አይቼዋለሁ።

እንግዲህ ማን ለማን አበደረ? እናንተ አበደራችሁ። ቆጣቢው አበዳሪ ነው። ወገኖቼ፣ ይሄን ነገር እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። እናንተ ለማኝ አይደላችሁም። ቤት በምጽዋት የምትጠብቁ አይደላችሁም። እናንተ አበዳሪ ናችሁ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የተባለው ለእናንተ ነው።

አበዳሪ ደግሞ ገንዘቡ ምን እንደሆነ ይጠይቃል። እስቲ እንጠይቅ። በ2005 ክረምት አንድ ዶላር 18 ብር ከምናምን ነበር። 561 ብር ማለት 30 ዶላር ያህል ነው። የቁጠባ ወለዱ መጀመሪያ 5 በመቶ፣ ከ2010 ወዲህ 7 በመቶ ነበር። ስለዚህ ያ የመጀመሪያው 561 ብር ከነወለዱ ዛሬ እጥፍ ቢሆን ነው። ዶላሩስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ለውጡ መጣ፤ ከ57 ብር ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። አሁንም ዕጥፉን በዶላር ብታስቡት 10 ዶላር አይሞላም። 30 ዶላር አስቀምጣችሁ፣ ከ10 በታች አገኛችሁ። ከሲሚንቶና ከብረት አንጻር ብታሰሉት ከዚህም አይሻልም። የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረባቸው ዓመታት 7 በመቶ ወለድ ማግኘት በየዓመቱ ከገንዘብህ ላይ ማጣት ነው። የጠፋው ግን አየር ላይ አልተነነም። በርካሽ የተበደረው ወገን ጋ ነው የሄደው።

እና ያ ሁሉ ቁጠባ መጨረሻው ምን ሆነ? ዕጣ። ሐምሌ 1 ቀን 2014 የሆነውን አልረሳችሁም። 25,791 ቤት ዕጣ ወጣ። ስማቸው የወጣላቸው አለቀሱ፣ እልል አሉ፣ ጎረቤት ቡና ጠጣ። ከቀናት በኋላ ዕጣው ተሰረዘ። ለዕጣ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች ዝርዝሩ ውስጥ ገብተው ተገኙ። ኃላፊዎች ታሠሩ። ዕጣው እንደገና ወጣ። ለሁለት ቀን ባለቤት ሆና የከረመች ጎረቤቴን አውቃለሁ። ፍራሽ መሸጥ ጀምራ ነበር፤ «እዚያ አዲስ ስለምገዛ» ብላ። ዕጣው ስለወጣበት ቴክኖሎጂ ብዙ ተወራ። እኔ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ለዓመታት ያበደረ ሰው ገንዘቡን መልሶ የሚያገኘው በዕጣ ነው ብለን መቀበላችን።

አንዳንድ ወዳጆቼ «የቤት ብድር አደገኛ ነው፤ አሜሪካን አላየህም?» ይሉኛል። አይቻለሁ። በፈረንጆቹ 2008 የሆነው አቅሙ ላልተጣራ ሰው ብድር እየሰጡ፣ ያን ብድር አሰባስበውና ቆራርጠው ለሌላ ስለሸጡት ነው። ያበደረው ባንክ ስለሸጠው ግድ አልነበረውም። ሲፈርስ ለባንኮቹ 700 ቢሊዮን ዶላር ተፈቀደ፤ ቤታቸውን ያጡት ሚሊዮኖች ግን እዚያው ቀሩ። ዋሽንግተንና አትላንታ ያሉ የኛም ሰዎች ቤት ለባንክ ለቀዋል። ከዚያ የምንማረው ተበዳሪውን አጣርቶ ማበደርን፣ አበዳሪውም ኃላፊነቱን ተሸክሞ እንዲቆይ ማድረግን ነው። ጭራሽ አለማበደር ትምህርት አይደለም።

ረዘመብኝ። ሦስተኛው አጭር ነው። ምን እንጠይቅ?

መጀመሪያ፣ ሂሳብ እንጠይቅ። ስንት ሰው አሁንም እየቆጠበ ነው? በእነዚህ ሂሳቦች ውስጥ ጠቅላላ ስንት ብር አለ? ይሄ በየዓመቱ ለሕዝብ ይነገር። መልስ የሚያጣ ጥያቄ አይደለም፤ ባንክ በየማታው የሚዘጋው ሂሳብ ነው። እኔ ስዘጋው ኖሬያለሁ።

ከዚያ የቁጠባው ዋጋ ይጠበቅልን። ለቤት ተብሎ የታሠረ ሂሳብ፣ እንደልብ የማይወጣ ገንዘብ፣ ከተራ ቁጠባ እኩል 7 በመቶ ሊታሰብለት አይገባም። የዋጋ ንረትን የሚከተል ወለድ ይሰጠው። አንዳንዱ «ባንኩን ይጎዳል» ይላል። እስከ ዛሬ ማን ሲጎዳ ኖረ?

ሦስተኛው ረጅም ገንዘብ ነው። ባንኮች «ተቀማጩ አጭር፣ የቤት ብድር ረጅም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። አገሪቱ ውስጥ ረጅም ገንዘብ ያለው የት ነው? ጡረታ ፈንድ ውስጥ። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ፣ በየወሩ ይገባል፤ የሚወጣው ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ለረጅም ጊዜ አብዛኛው መንግሥት የሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድ ሲገዛበት ኖሯል። ከዚያ የተወሰነው በጥንቃቄ፣ በሕግ፣ በጥሩ መያዣ፣ ለሠራተኛው የቤት ብድር ይዋል። የነርሷ ጡረታ ለነርሷ ቤት ቢያበድር ምን ክፋት አለው?

ካርታም ይፋጠን። ካርታ በሌለበት የቤት ብድር የለም። ይሄ ገንዘብም አይጠይቅም፤ ሥራ ነው የሚጠይቀው።

በማኅበር ተደራጁ ስትባሉ ደግሞ ቅድመ ክፍያውን እዩት። 70 በመቶውን አስቀድመህ በዝግ ሂሳብ አስገባ የተባለ ቆጣቢ ከየት ያመጣል? 70 በመቶ ያለው ሰው እኮ ብዙም ችግር የለበትም። ለውጭ ዜጎች ቢያንስ በ150 ሺህ ዶላር ቤት እንዲገዙ በ2017 በሕግ ተፈቅዷል። አልቃወምም፤ አገሪቱ ዶላር ያስፈልጋታል። ግን ለውጭ ሰው በር የሚከፍት ሕግ በአንድ ዓመት መውጣት ከቻለ፣ ለደመወዝተኛ የቤት ብድር ሕግ ለምን አይወጣም? ተከራዮችም አትርሱ፣ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለላችሁ። ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው፤ አከራይ በፈለገው ወር አይጨምርም። ውላችሁን አስመዝግቡ። ደላላው «ውል አያስፈልግም፣ ተማምነን ነው» ሲላችሁ አትስሙት።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ከዚያ ማይኩን ለናንተ። በምርጫ ሰሞን ዕጩዎች ወደ ሰፈራችሁ ይመጣሉ። «ቤት እንሠራለን» ይሏችኋል። እናንተ ስንት ቤት ብላችሁ አትጠይቁ። «ማን ይበደራል? በስንት ወለድ? ለስንት ዓመት? የኔስ ቁጠባ እስከዚያ እንዴት ይጠበቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በዚህ ሳምንት ደግሞ ወደ ቅርንጫፋችሁ ሂዱና የቁጠባችሁን ሙሉ የሂሳብ መግለጫ፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ፣ አስወጡ። መብታችሁ ነው። ያቋረጣችሁም ብትሆኑ አስወጡ። በር ላይ ያሉት ልጆች ቅጽ ይዘዋል፤ የተመዘገባችሁበትን ዓመትና የቤቱን ዓይነት ሙሉላቸው። ለምክር ቤት የሚገባው ጥያቄ ከነሂሳቡ እንዲገባ ነው። ማንበብ ለሚያስቸግራቸው እናቶች ወጣቶቹ ይሞሉላቸዋል።

አመሰግናለሁ። እሺ፣ ጥያቄ። ከኋላ ከቆሙት እንጀምር፤ እነሱ ብዙ ደክሟቸዋል።